አድባርና ደብር፦ ባሕላዊ መንፈሳዊ እምነትና ክርስትና በመንዝና በግሼ ደጋ

(ለጤና ባለሙያዎች ማኅበር ዓመታዊ ጉባኤ የቀረበ ንግግር)




ራቤል የግሼ ወረዳ ከተማ ናት። የምትገኘው በሰሜን ሸዋ ሰሜናዊ ጫፍ፣ ከደቡብ ወሎ ጋር በሚያዋስነው ብርዳማ ደጋ ነው። በዙሪያዋ ያለው ገበሬ ገብስ ይዘራል፣ በግ ያረባል፣ ከውርጭና ከበረዶ ጋር ይታገላል። አብዛኛው የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ክርስትና ተከታይ ሲሆን፣ ጾምን በማጥበቅና በዓላትን በማክበር የመንዝና የግሼ ሰው ከማንም አያንስም።

ከዚህ አገር ወደ ጤና ጣቢያ የምትመጣ አንዲት እናት በሐሳብ ትወሰድ። በአንገቷ ማዕተብ አለ፤ ከማዕተቡ ጎን ደግሞ በቆዳ የተሰፋ ክታብ ተንጠልጥሏል። ይዛው የመጣችው ልጅ የሚጥል በሽታ አለበት። ከወር በፊት ጠበል አስጠምቃዋለች። ከዚያም በፊት ዐዋቂ ቤት ወስዳው፣ በታዘዘችው መሠረት ገብስማ ዶሮ ገዝታ አሳርዳለታለች። የጤና ባለሙያው «እናቴ፣ ከዚህ በፊት ሌላ ቦታ ወስደውት ነበር?» ብሎ ሲጠይቃት፣ «ኧረ የለም ጌታዬ፣ እዚሁ ነው ያመጣሁት» ትላለች። የዚህ ንግግር መነሻ ይህች «የለም» ናት።

እናቲቱ ውሸታም አይደለችም። ዶሮውን ለባለሙያው ብትናገር «ኋላ ቀር» ተብላ እንደምትገሠጽ ታውቃለች። ለነፍስ አባቷ ብትናገር ደግሞ ንስሐ ይወድቅባታል። ስለዚህ በሁለቱም ፊት ዝም ትላለች። ጥያቄው ግን ይህች ሴት በእርግጥ ሁለት ሃይማኖት አላት ወይ የሚል ነው። የተማረው ሰው ብዙውን ጊዜ «ከላይ ክርስቲያን፣ ከሥር አረማዊ» ብሎ ይደመድማል። ይህ አነጋገር ለመናገር ይቀላል፤ ነገር ግን የደጋውን ሰው እምነት እንደ ተደረበ ጋቢ አድርጎ ስለሚመለከተው ከእውነቱ የራቀ ነው። ሁለቱ በቃልም፣ በታሪክም፣ በዕለትም እርስ በርሳቸው የተጋቡ ዘመዳሞች ናቸው። ጠባቸውም የዘመድ ጠብ ነው።

ከቃሉ ቢጀመር ይሻላል። በግእዝ «ደብር» ማለት ተራራ ነው፤ «አድባር» ደግሞ ብዙ ቁጥሩ፣ ማለትም ተራሮች ማለት ነው። ከዚሁ ቃል ቤተ ክርስቲያን ደብረ ሊባኖስንና ደብረ ብርሃንን ሰይማለች፤ «ገዳማትና አድባራት» ትላለች። የመንደሩ ሰው ደግሞ በዚያው ቃል መንደርን የሚጠብቅ መንፈስ ያደረበትን ትልቅ ዛፍ፣ ጉብታ ወይም ቋጥኝ «አድባር» ይለዋል። መንገድ ለሚወጣ ሰው «አድባር ይከተልህ» ብሎ ይመርቃል፤ በዕድሜና በምክር የከበረን ሽማግሌም «የሰፈሩ አድባር» ይለዋል። «ውቃቢ» የሚለውም ቃል መሠረቱ «ዐቀበ»፣ ማለትም ጠበቀ የሚለው የግእዝ ግሥ እንደ ሆነ ይነገራል። ዐቃቤ ሕግ ከዚሁ ሥር የወጣ ነው፤ ሰውን የሚጠብቀው መልአክም ዐቃቢ ይባላል። (እዚህ ላይ ከተሜው በገጠሬው ሊስቅ አይገባውም። «ይኼን ነገር ውቃቢዬ አልወደደውም» የሚለው አነጋገር በአዲስ አበባ ቢሮዎችም ይሰማል።) እንግዲህ አንዲት ሴት በአንድ ምላስ፣ በአንድ የቃል ሥር፣ ታቦቷንም ዛፏንም ትጠራለች ማለት ነው።

ዕለቱም እንደዚሁ ነው። ግንቦት 1 ቀን የእመቤታችን ልደት ነው። በቤተ ክርስቲያን ትውፊት እመቤታችን ኢያቄምና ሐና ከቤታቸው ወጥተው ሳሉ በሊባኖስ ተራራ ስለ ተወለደች፣ በዓሉ ከቤት ውጭ ይከበራል፤ ንፍሮ ተቀቅሎም በጋራ ይበላል። የመንደሩ ሰዎች ግን የሚሰበሰቡበት ቦታ ብዙ ጊዜ ያው የአድባሩ ዛፍ ሥር ነው። ቡናው የሚፈላው፣ ቄጤማው የሚጎዘጎዘው፣ ዝናብ እንዲሰጥ፣ በረዶ እንዲመለስ፣ ከብቱና ልጁ እንዲባረክ የሚለመነው እዚያው ነው። ልመናው ለእመቤታችን ነው ወይስ ለአድባሯ? ጥያቄው ለሊቃውንት ይከብድ ይሆናል እንጂ ለተሰበሰቡት እናቶች ጥያቄም አይደለም። ያች ዕለት የማርያም ናት፣ ዛፏም የመንደሩ ናት፣ ንፍሮውም የሁሉም ነው።

ይህ ማለት ግን ቤተ ክርስቲያን ነገሩን ሁልጊዜ በዝምታ አልፋዋለች ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ1434 እስከ 1468 የነገሠው ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ፣ ደብረ ብርሃንን የቆረቆረው ንጉሥ፣ «ደስክ» እና «ዲኖ» የሚባሉትን መናፍስት በሚያመልኩ ላይ ብርቱ ዘመቻ አካሂዶ ነበር። ዜና መዋዕሉ እንደሚተርከው ሕዝቡ በግንባሩና በእጆቹ ላይ ሥላሴን የሚያምንበትንና ሰይጣንን የሚክድበትን ቃል ጽፎ እንዲሄድ ታዝዟል፤ ከዚህም ወንጀል የተነሣ የንጉሡ የራሱ ልጆች ሳይቀሩ ተቀጥተዋል። ዘመቻው በዛሬው ሰሜን ሸዋ ምድር በተቀመጠ ዙፋን የተመራ ነበር። ይሁን እንጂ ከአምስት መቶ ዓመታት በላይ ካለፈ በኋላም ዛፉ አለ፣ ክታቡም አለ። ከ1966 ዓ.ም. ለውጥ በኋላም ልማዱ «ፀረ ዕድገት» እየተባለ በየስብሰባው ተወግዟል። ውጤቱ የዛር ቤቱን ከሳሎን ወደ ጓዳ ማስገባት ሆነ እንጂ ማጥፋት አልሆነም። ከእነዚህ ሁለት ዘመቻዎች መረዳት የሚቻለው፣ ሰው የሚሰጠውን ጥቅም ሳያውቁለት እምነቱን ብቻ መምታት እምነቱን ይበልጥ ምስጢር እንደሚያደርገው ነው።

በሌላው የአፍሪካ ክፍል ይህ ጉዳይ የተጻፈበት መንገድ ለየት ያለ ነው። ኬንያዊው ቄስና ሊቅ ጆን ምቢቲ እ.ኤ.አ. በ1969 ባሳተሙት የአፍሪካ ሃይማኖቶችና ፍልስፍና የተሰኘ መጽሐፍ፣ አፍሪካዊው ሚሲዮናውያን ሳይመጡ እግዚአብሔርን ያውቅ እንደ ነበር አስረድተዋል። ናይጄሪያዊው ቦላጂ ኢዶዉም ከእርሳቸው ቀደም ብለው ስለ ዮሩባ እምነት ተመሳሳይ ክርክር አቅርበዋል። የእነርሱ ክርክር ከባሕር ማዶ ከመጣና የአባቶችን ነገር ሁሉ ሰይጣናዊ ካለ ስብከት ጋር ነበር። በመንዝና በግሼ ግን ክርስትናው ራሱ የአገር ልጅ ነው። ካህኑ ገበሬ ነው፤ በሳምንቱ መካከል ሞፈር ይጨብጣል፣ እሑድ ይቀድሳል፣ የአድባሩም ዛፍ ምናልባት በራሱ ማሳ ድንበር ላይ ያለ ነው። ስለዚህ የምቢቲ ጥያቄ እዚህ ሲደርስ ይለወጣል፦ ሁለቱ እንዴት ተገናኙ ሳይሆን፣ ይህን ያህል ዘመን አብረው ሲኖሩ ሥራ እንዴት ተከፋፈሉ ነው።

የሥራ ክፍፍሉ በግልጽ የሚታየው በበሽታ ጊዜ ነው። በጠበል ሥፍራ አጥማቂው መንፈሱን «ማን ነህ?» ብሎ ይጠይቃል፤ መልስ ሲያገኝ «ልቀቅ!» ብሎ ያዝዛል። በዛር ቤት ባለ ዛሯ የምትጀምረው በዚያው ጥያቄ ነው፤ ከ«ማን ነህ?» ቀጥላ ግን «ምን ትሻለህ?» ትላለች። ቤተ ክርስቲያን ታስለቅቃለች፣ ዛር ቤት ያስታርቃል። በሽተኛዋ የዛሩ «ፈረስ» ትባላለች፤ ዛሩ ግብሩን፣ ማለትም የዶሮውን ቀለም፣ የቡናውን ዕለት፣ ሽቶውንና ጭሱን ካገኘ፣ ፈረሱን ሳይጎዳ አብሯት ይኖራል። ፈረንሳዊው ሚሼል ሌሪስ እ.ኤ.አ. በ1932 ጎንደር ተቀምጦ መልካም አየሁ በተባሉ ባለ ዛር ቤት ያየውን በ1958 በመጽሐፍ አሳትሟል። በዚያው ዓመት አሜሪካዊው ሳይመን ሜሲንግ፣ የዛር ቤት ስብሰባ በኅብረት እንደሚሰጥ የአእምሮ ሕክምና እንደሚያገለግል ጽፏል። ሁለቱም ያጠኑት ጎንደርን ነው፤ በደጋው ሸዋ ያለው ልማድ በዝርዝሩ ሊለይ ይችላል። የሜሲንግ ሐሳብ ግን ለማንኛውም የጤና ባለሙያ ሊታሰብበት የሚገባ ነው። በቤቷ ውስጥ ድምፅ የሌላት ሴት፣ በባል፣ በአማትና በድካም የተያዘች ሴት፣ በዛሯ አፍ ስትናገር ትሰማለች። ያዘዘችው ይገዛላታል፤ ለጥቂት ቀናትም አትገረፍም። ይህን ያየ ሰው ዛር ቤትን ተራ ማታለያ ነው ብሎ ለማለፍ ይቸግረዋል።

በቤተ ክርስቲያንና በዚህ ዓለም መካከል የቆመው ሰው ደብተራው ነው። ዜማ ዐዋቂ፣ ቅኔ ተቀኚ፣ የቤተ መቅደስ አገልጋይ ሆኖ ሳለ፣ በጓዳው ክታብ ይጽፋል። የብራና ጥቅሉ ርዝመት በበሽተኛዋ ቁመት ልክ የሚለካ ነው፤ ከራስ ጠጉሯ እስከ እግር ጥፍሯ ትጠበቅ ዘንድ። በውስጡ ከሚጻፉት ጸሎቶች የታወቀው የቅዱስ ሱስንዮስ ጸሎት ሲሆን፣ ሕፃናትን የምትገድለውን ውርዝልያን ቅዱሱ በፈረስ ሆኖ በጦር እንደ ወጋት ይናገራል። እናቶች በወሊድ ጊዜ ይህን ይሻሉ። በደጋ አገር መንገድ ርቆ፣ ምጥ ጸንቶ፣ ሕፃን ሲሞት በኖረበት ቤት ክታቡ የተወደደበትን ምክንያት ለማስረዳት ብዙ ቃል አያስፈልግም። የሥርዓት መጻሕፍት እንዲህ ያለውን ያወግዛሉ። የጻፈው ግን የቤተ ክርስቲያን ተማሪ፣ የተጻፈውም በቤተ ክርስቲያን ቋንቋ፣ የተጠራውም ጻድቅ ነው።

ታሪኩ ደግሞ ከሁሉ ይልቅ ዝምድናውን ያሳያል። ሔዋን ሠላሳ ልጆች ነበሯት ይላል ተረቱ። እግዚአብሔር ልጆችሽን አሳዪኝ ቢላት፣ ዐሥራ አምስቱን ሸሸገች። የተሸሸጉት ተሸሽገው እንዲቀሩ ተፈረደባቸው። በጎንደር እነዚያ የተሸሸጉት ዛሮች ናቸው ይባላል። እንግዲህ ዛር የሰው ልጅ ወንድም ነው፤ ከአዳም ቤት የወጣ፣ ያልታየ ዘመድ ነው። ጥንት ሌላ ስም፣ ሌላ አምልኮ የነበረው መንፈስ (ኢጣሊያዊው ሊቅ ኤንሪኮ ቼሩሊ «ዛር» የሚለው ቃል ከአገው የሰማይ አምላክ ስም የመጣ ሊሆን ይችላል ብለዋል) በኦሪት ዘፍጥረት ጓዳ ገብቶ የሔዋን ልጅ ሆነ። ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በሰይፍ ያላስወጡትን፣ ሕዝቡ በተረት ክርስትና አነሣው ማለት ይቻላል።

ነገር ግን ይኸው ተረት መንዝ ሲደርስ ሌላ መልክ ይይዛል፤ ጉዳዩም ከዚህ ላይ ይከብዳል። ዶናልድ ሌቪን እ.ኤ.አ. በ1965 ሰምና ወርቅ በሚለው መጽሐፉ የመንዝን ገበሬ ሕይወት በሰፊው አስተዋውቋል። ከእርሱ በኋላ መንዝ ተቀምጦ ያጠናው ሮናልድ ሬሚኒክ በ1974 ስለ ቡዳ ባሳተመው ጽሑፍ፣ የሔዋን የተሸሸጉ ልጆች ታሪክ እዚያ ለቡዳ አመጣጥ እንደሚነገር መዝግቧል። በዚህ አተራረክ ከተረገሙት ከፊሉ አውሬ ሆነ፤ ከፊሉ ግን ሰው ሆኖ ቀረ፤ እርሱም ዐይነ ጥላው የሚበላ ቡዳ ነው። ቡዳ የሚባሉትም እነማን እንደ ሆኑ ይታወቃል፦ ሸክላ ሠሪዋ፣ ማረሻ የሚቀጠቅጠው ቀጥቃጭ፣ ቆዳ ፋቂውና ሸማኔው። ባናውን የሚሠራለት፣ ምጣዱን የምትጋግርለት፣ ያለ እነርሱ እርሻውም ቤቱም የማይቆመው ሕዝብ፣ መሬት የሌለው ስለሆነ በሔዋን እርግማን ይከሰሳል።

እዚህ ላይ ስለ ባሕላዊ እምነት በአድናቆት ብቻ የሚናገር ሰው ሊያቆም ይገባዋል። ዛር ቤት ለተጨቆነችው ሴት አፍ ሰጣት ከተባለ፣ ቡዳው ደግሞ የሸክላ ሠሪዋን አፍ ዘጋ። ሕፃን በተቅማጥ ሲደክም «ቡዳ በልቶት ነው» ተብሎ የግራ አውራ ጣቱ ይያዛል፣ ሥር ይታጠናል፣ የበላው ሰው ስም እስኪጠራ ይጠበቃል። ስሙ የተጠራው ሰው ከዚያን ቀን ወዲያ በዚያች መንደር እንዴት እንደሚኖር አይጠየቅም። ሕፃኑ ደግሞ የሚያስፈልገው ውሃና ጨው ነበር። ቤተ ክርስቲያን በዚህ ነገር ከአንድ ገጽ በላይ አላት። በትምህርቷ ሰው ሁሉ በጥምቀት የሥላሴ ልጅ ነው፤ ሸክላ ሠሪዋም ተጠምቃለች፣ ቁርባንም ትቀበላለች። ይሁን እንጂ በብዙ መንደር ካህኑ ራሱ ቡዳን ይፈራል፣ ለቡዳም ጠበል ይረጫል። ስለዚህ ከቅዳሴው የሚወጣው ትምህርት ወደ ገበያው ሳይደርስ መንገድ ላይ ይቀራል። የጤና ባለሙያው ከካህኑ ጋር ሊነጋገርበት ከሚገባው ሁሉ ቀዳሚው ምናልባት ይህ ነው።

ወደ መጀመሪያዪቱ እናትና ወደ ልጇ ሲመለስ፣ የሚጥል በሽታ በገጠር ኢትዮጵያ እንግዳ አይደለም። ፕሮፌሰር ሬድኣ ተክለ ሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው በማዕከላዊ ኢትዮጵያ ገጠር ያካሄዱትና እ.ኤ.አ. በ1990 የታተመው ጥናት፣ ከ1,000 ሰው 5.2 ያህሉ በሽታው እንዳለበት አሳይቷል። በሽታው ከመንፈስ የመጣ ነው፣ በለሐጭም ይተላለፋል ስለሚባል፣ ልጁ ሲወድቅ ሰው ይሸሻል፤ ክብሪት ጭሮ የሚያሸተው እንጂ ከእሳት ዳር የሚያነሣው አይገኝም። በምድጃ ላይ የወደቀ ልጅ ቃጠሎውን ዕድሜውን ሙሉ ይዞት ይኖራል። ባለ ዛሩ ከመንፈሱ ጋር ሊያስታርቀው ይሞክራል፣ አጥማቂው ሊያስለቅቀው ይሞክራል፤ ሁለቱም በቅንነት ሊያደርጉት ይችላሉ። የሚጥለው ግን አንጎሉ ነው። በዚህ ላይ የጤና ባለሙያ ሊያወላውል አይገባውም።

ይህን ማለት አንድ ነገር ነው፤ ለእናቲቱ እንዴት እንደሚነገራት ሌላ ነገር ነው። በዚህ ረገድ ከእንጦጦ የተገኘ ትምህርት አለ። ነፃ የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት በ1997 ዓ.ም. መሰጠት ከጀመረ በኋላ፣ ወደ እንጦጦ ማርያም ጠበል የሄዱ ብዙ ሕሙማን መድኃኒታቸውን አቋርጠው ነበር፤ አንዳንዶቹ ክኒን መዋጥ በጠበሉ አለማመን ነው ተብለው ነበርና። ነገሩ የተሻሻለው ሐኪሞች ጠበልን ስላወገዙ አልነበረም። ፓትርያርኩ ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ በአደባባይ ጠበሉና መድኃኒቱ እንደማይቃረኑ፣ ሁለቱም የእግዚአብሔር ስጦታ እንደ ሆኑ በመናገራቸው ለብዙዎች መንገድ ተከፈተ። እ.ኤ.አ. በ2021 በታተመ ጥናትም፣ በአዲስ አበባ የአእምሮ ሐኪሞች ከአጥማቂዎች ጋር ተባብረው በጠበል ሥፍራ ሕሙማንን የረዱበት ሥራ ተዘግቧል። ከብዙ ጊዜ ጀምሮ በአገሪቱ ዋናው የአእምሮ ሆስፒታል አማኑኤል ብቻ በነበረበት ሁኔታ፣ በሰንሰለት ታስሮ የሚጠመቀውን ሕመምተኛ ማግኘት የሚቻለው እዚያው ጠበሉ ዘንድ ሄዶ ነበር።

ከዛር ቤት ጋር ግን እንዲህ ያለ ስምምነት ማድረግ ይከብዳል። ፓትርያርክ የለውም፣ መዝገብም የለውም፤ ካህኑም ባለበት ስሙ አይነሣም። ስለዚህ ከእናቲቱ ጋር የሚደረገው ንግግር በጤና ጣቢያው ክፍል ውስጥ፣ ጎረቤት በሌለበት፣ ያለ ግሣጼ መሆን ይኖርበታል። «ሌላ ቦታ ወስደውት ነበር?» ከማለት ይልቅ «እናቴ፣ በጠበሉም በዐዋቂውም ሞክረውለት ይሆናል፤ የትኛው ረዳው?» ቢባል መልሱ ይለወጣል። ዶሮው ስንት ብር እንደ ወጣበት፣ ምን ሥር እንዳጠጡት፣ ምን ያህል ቀን እንዳስጾሙት ይነገራል። ይህ ለሕክምናው አስፈላጊ ነው፤ የተጠጣው ሥር ጉበትን ሊጎዳ፣ የተጾመውም ጾም ልጁን ሊያደክም ይችላልና።

ከዚህ በኋላ ያለው ጉዳይ የሰዓት ጉዳይ ነው። ጠበል የሚጠመቀው በጠዋት፣ በባዶ ሆድ ነው። ለሚጥል በሽታ በየጤና ጣቢያው የሚሰጠው ፌኖባርቢታል ደግሞ ብዙውን ጊዜ በቀን አንድ ጊዜ፣ ማታ ከመኝታ በፊት ይዋጣል። ሁለቱ በሰዓት አይጋጩም። አደገኛው ነገር እናቲቱ ልጁን ይዛ ሱባኤ ስትገባ ክኒኑን ቤት ትታው መሄዷ ነው። ፌኖባርቢታል በድንገት ሲቋረጥ የማያቋርጥ መንቀጥቀጥ ሊያስከትል ይችላል፤ ያ ደግሞ ከጠበሉ እስከ ጤና ጣቢያው ባለው የእግር መንገድ ላይ ሊገድል ይችላል። ስለዚህ ወደ ጠበል እሄዳለሁ ስትል፣ ለሁለት ሱባኤ፣ ማለትም ለ14 ቀን የሚበቃ ክኒን ተቆጥሮ፣ ከነመጠባበቂያው በእጇ ይሰጣት፤ ማታ ማታ ልጁ ከመተኛቱ በፊት እንድትሰጠውም ይነገራት።